ግማሽና ግማሽ ሙሉ ሳይሆን ሲቀር፦ የሊኑክስ አቶሚክ ኦፕሬሽኖች ወደ አርም64 ሲሻገሩ

በ2014 መጀመሪያ ላይ ወደ ሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) አንድ ማስተካከያ ገባ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሲያዩት ትንሽ ነው። ከአንዳንድ የአሴምብሊ ትዕዛዞች ላይ አንዲት ፊደል ተነሥታለች፤ ከሥራቸው አንድ የባሪየር መስመር፣ ማለትም የሜሞሪ ንባብና ጽሕፈት ቦታ እንዳይቀያየር የሚያግድ ትዕዛዝ፣ ተጨምሯል። ማስተካከያውን የሚያስረዳው ጽሑፍ ግን ረጅም ነው። ከኮዱ ይልቅ ቁጭ ብሎ ማንበብ የሚያስፈልገውም እሱን ነው። ጸሐፊው ዊል ዲከን ይባላል። ያን ጊዜ አርም ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የሊኑክስን አርም64 (ለ64 ቢት የአርም ፕሮሰሰሮች የተጻፈውን) ክፍል ከካታሊን ማሪናስ ጋር ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ነው።

አቶሚክ ኦፕሬሽን ማለት በመሃሉ ማንም ሳይገባበት አንብቦ፣ ቀይሮ የሚጽፍ ሥራ ነው። ብዙ ሰው እሱን ወደ አዲስ ፕሮሰሰር ማሻገር ማለት የድሮውን ትዕዛዝ በአዲሱ መተካት ይመስለዋል። እዚህ ጋ ትዕዛዞቹ በሙሉ ሥራቸውን በትክክል ይሠሩ ነበር። የሚደመረው ይደመራል፣ የሚለዋወጠው ይለዋወጣል፣ አንድም ቁጥር አይጠፋም። የተበላሸው በኦፕሬሽኑ ዙሪያ ያለው የንባብና የጽሕፈት ቅደም ተከተል ነው። እሱ ደግሞ ኮዱ ውስጥ የትም አልተጻፈም። የሚገኘው ከርነሉ ለተጠቃሚዎቹ በገባው ቃል ውስጥ ነው።

ከአርም ቪ7 ወደ አርም ቪ8

አርም የ64 ቢት አርኪቴክቸሩን፣ አርም ቪ8ን፣ በኦክቶበር 2011 አስተዋወቀ። ሊኑክስ በይፋ የደገፈው በ2012 መጨረሻ በወጣው 3.7 ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አርም ቪ7 32 ቢት ነበር፤ አቶሚክ ኦፕሬሽኖቹም በላዩ ላይ ለዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮሩ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት የሥራ ክፍሎች አንዱ) ዋጋውን በልዩ ሎድ፣ ማለትም በማንበቢያ ትዕዛዝ፣ ያነባል። ይህ ሎድ አድራሻዋን እየተከታተለ እንደሆነ ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቱን የሚይዘው የሃርድዌር ክፍል ኤክስክሉሲቭ ሞኒተር ይባላል። ከዚያ ኮሩ ይደምራል ወይም ይቀይራል። በመጨረሻ በልዩ ስቶር፣ ማለትም በመጻፊያ ትዕዛዝ፣ መልሶ ለመጻፍ ይሞክራል። በመሃል ሌላ ኮር እዚያች አድራሻ ላይ ከጻፈ ምልክቱ ይጠፋል፤ ስቶሩም «አልተሳካም» ብሎ ይመለሳል። ያኔ ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ይህ ድግግሞሽ፣ ሉፑ፣ እስኪሳካለት ይዞራል።

ይህ አቶሚክነትን ያስገኛል። ቅደም ተከተልን ግን አያስገኝም። አርም ንባብና ጽሕፈትን ለፍጥነት ሲል እንደፈለገ የሚያቀያይር ፕሮሰሰር ነው። ከአቶሚኩ በፊት የጻፋችሁት ነገር ለሌላው ኮር ከአቶሚኩ በኋላ ሊታየው ይችላል። ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ዓይነት) ላይ ለምዶ ለመጣ ሰው ይህ ግር ይላል። እዚያ የሎክ ቅጥያ ያለው ማንኛውም ትዕዛዝ ሙሉ ባሪየር ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ቅደም ተከተሉን ያስከብራል።

ሊኑክስ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ዋጋ የሚመልሱ አቶሚክ ኦፕሬሽኖች፣ ለምሳሌ ደምሮ ውጤቱን የሚመልሰው፣ የሚለዋውጠው፣ ቢቱን ፈትሾ የሚያነሣው፣ ሁሉም እንደ ሙሉ ባሪየር መሥራት አለባቸው። ከእነሱ በፊት ያለው ሁሉ በፊት፣ ከእነሱ በኋላ ያለው ሁሉ በኋላ መታየት አለበት። ዋጋ የማይመልሱት፣ እንደ ተራ መጨመርና መቀነስ ያሉት፣ ይህ ግዴታ የለባቸውም። ሕጉ በሰነድ ተጽፎ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የከርነል መስመሮች አምነውት ቁጭ ብለዋል።

አርም ቪ7 ላይ ሕጉ የሚከበረው በጉልበት ነው። ከሉፑ በፊት አንድ ዲኤምቢ፣ ከሉፑ በኋላ ሌላ ዲኤምቢ። ዲኤምቢ ሙሉ የሜሞሪ ባሪየር ነው። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ፤ በየሎኩ፣ በየቆጣሪው ላይ ስለሚደገሙ ደግሞ ዋጋው ቀላል አይደለም።

አርም ቪ8 ይዞት የመጣው አዲስ ነገር እዚህ ጋ ያጓጓል። ሎዱ ራሱ አኳየር፣ ስቶሩ ራሱ ሪሊዝ መሆን ቻለ። ከሎድ-አኳየር በኋላ ያለ ንባብም ሆነ ጽሕፈት ከእሱ ቀድሞ ሊታይ አይችልም። ከስቶር-ሪሊዝ በፊት ያለ ደግሞ ከእሱ ዘግይቶ ሊታይ አይችልም። ለየብቻቸው እያንዳንዳቸው ግማሽ ባሪየር ናቸው። ስለዚህ በአቶሚክ ሉፑ ውስጥ ሎዱን አኳየር፣ ስቶሩን ሪሊዝ ካደረግነው ሁለቱን ዲኤምቢ መጣል አንችልም? ግማሽና ግማሽ አንድ ነው። የመጀመሪያው የአርም64 ኮድ በዚህ ስሌት ነበር የተጻፈው።

ስህተቱ የት ነው

ሁለት በር ያለው ክፍል አስቡ። ሁለቱም በሮች ወደ ውስጥ ብቻ ያስገባሉ። ከፊት የመጣ ሰው በፊት በር ይገባል፤ በኋላ በር ግን መውጣት አይችልም። ከኋላ የመጣም በኋላ በር ይገባል፤ በፊት በር ግን አይወጣም። ማንም ክፍሉን አቋርጦ አያልፍም። እስካሁን ሙሉ ግድግዳ ይመስላል። ግን ሁለቱም ውስጥ ከገቡ በኋላ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ የሚቆጣጠር የለም።

አሁን ወደ ኮዱ። ሦስት የማይገናኙ የሜሞሪ ቦታዎች አሉን፦ ሀ፣ ለ እና መ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሀን ይነካል፣ ከዚያ ለ ላይ አቶሚክ ኦፕሬሽን ይሠራል፣ ከዚያ መን ይነካል። ሕጉ የሚፈቅደው አንድ ቅደም ተከተል ብቻ ነው፦ ሀ፣ ለ፣ መ። ነገር ግን ለ አንድ ነገር አይደለም። የለ ሎድ እና የለ ስቶር ናቸው፤ በመሃላቸው ክፍተት አለ። ሀ የለን ሎድ አልፎ ወደ ክፍተቱ መግባት ይችላል፤ አኳየር ከእሱ በፊት ያለውን አይዝምና። መም የለን ስቶር አልፎ ወደ ላይ መግባት ይችላል፤ ሪሊዝ ከእሱ በኋላ ያለውን አይዝምና። አርኪቴክቸሩ ይህን ይፈቅዳል፦

የለ ሎድ፣ መ፣ ሀ፣ የለ ስቶር።

ሀ እና መ ተገለባበጡ። ሙሉ ባሪየር የተባለው ነገር በሆዱ ውስጥ ተገለባበጠ።

ይህ ማንን ይጎዳል? «አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ይቀሰቅሳል» የሚለውን የታወቀ የኮድ ቅርጽ እንውሰድ። የሚተኛው ሥራ መጀመሪያ «ተኝቻለሁ» ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ «የምጠብቀው ነገር መጥቷል?» ብሎ ያነባል። የሚቀሰቅሰው ደግሞ «መጥቷል» ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ «የተኛ አለ?» ብሎ ያነባል። በሁለቱም በኩል ከጽሕፈቱና ከንባቡ መሃል ሙሉ ባሪየር ካለ ቢያንስ አንዱ የሌላውን ያያል። ባሪየሩ ከተሸነቆረ ግን ሁለቱም አሮጌውን ሊያነቡ ይችላሉ። የሚተኛው ምንም አልመጣም ብሎ ይተኛል። የሚቀሰቅሰው የተኛ የለም ብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀሰቅስ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ሁለቱም ኮሮች በአንድ በዚያው አቶሚክ ተለዋዋጭ ላይ ከሠሩ ችግሩ አይታይም። አንዱ የሌላውን ስቶር ማንበቡ ስለማይቀር፣ የሪሊዝና የአኳየር ግንኙነት ያድናቸዋል። ችግሩ የሚወጣው እያንዳንዱ በራሱ የተለየ አቶሚክ ላይ ሲሠራና አቶሚኩን እንደ ነጻ ባሪየር ሲጠቀምበት ነው። ለዚህ ነው አብዛኛው ኮድ በደህና የሚሄደው። የሚጎዳው አቶሚኩን ለቆጠራው ሳይሆን ለቅደም ተከተሉ ብሎ የጠራው ኮድ ነው፤ እሱን ደግሞ በዓይን ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው።

ሙከራስ ለምን አልያዘውም? መጀመሪያ ነገር የሚሞከርበት ዕቃ ጥቂት ነበር። ከርነሉ ሲጻፍ የሚሮጠው በሶፍትዌር ሞዴል ላይ ነበር፤ 64 ቢት የሆነው አንድሮይድ እንኳ የመጣው በ2014 መጨረሻ ከአንድሮይድ 5.0 ጋር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል። አርኪቴክቸሩ የሚፈቅደውን ሁሉ እያንዳንዱ ቺፕ አያደርገውም። ዛሬ ያለው ቺፕ ላያገላብጥ ይችላል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ግን ሙሉ መብት አለው። የዲከን ጽሑፍም ክርክሩን የመሠረተው በአርኪቴክቸሩ ቃል ላይ ነው። የተበላሸ ማሽን አምጥቶ አላሳየም። እኔ ይህን ማስተካከያ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንም ስልኬ ተንጠለጠለ ብሎ ሳይጮህ በፊት፣ መመሪያውን በማንበብ ብቻ የተያዘ ባግ ነው።

አማራጮቹ

ቀላሉ መንገድ ወደ ድሮው መመለስ ነው። ዲኤምቢ፣ ሉፕ፣ ዲኤምቢ። ትክክል ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። ግን አርም ቪ8 የሰጠውን አዲስ ነገር ሁሉ ጥሎ ሁለት ሙሉ ባሪየር መክፈል ነው።

የተመረጠው ሌላ ነው፦ ሎዱ ተራ ኤክስክሉሲቭ ሎድ ይሁን፣ አኳየር አይሁን። ስቶሩ ሪሊዝ እንደሆነ ይቆይ። ከሉፑ በኋላ አንድ ዲኤምቢ ይጨመር። ያቺ የተነሣችው አንዲት ፊደል ከሎዱ ስም ላይ አኳየርን የምታመለክተው ነች። ጽሑፉ ራሱ ይህ ቅደም ተከተል በመጀመሪያ እይታ ለአእምሮ እንደማይዋጥ ይናገራል። እውነቱን ነው።

ከኋላ እንጀምር። ዲኤምቢው መን ያግዳል፤ መ ወደ ሉፑ መግባት አይችልም። ሀም ቢሆን ዲኤምቢውን አልፎ መውረድ ስለማይችል፣ ሀ ከመ በፊት መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ስቶሩ ሪሊዝ ስለሆነ ሀ ከለ ስቶር በፊት መሆኑም የተረጋገጠ ነው። የቀረው አንድ ቀዳዳ ነው። ሎዱ ከፊቱ ምንም የሚያግደው ስለሌለ ከሀ ቀድሞ ሊሠራ ይችላል። የለ ሎድ፣ ሀ፣ የለ ስቶር፣ መ። ይህ ሕጉን አይጥስም?

በወረቀት ላይ ይጥሳል። ግን ይህን መገለባበጥ ማን ሊያየው ይችላል? ሎዱ አስቀድሞ መሠራቱን ለማወቅ ሌላው ኮር ለ ላይ አዲስ ዋጋ መጻፍና የእኛ ሎድ አሮጌውን እንዳነበበ ማረጋገጥ አለበት። ለ ላይ ሲጽፍ ግን የእኛ ኤክስክሉሲቭ ሞኒተር ምልክት ይጠፋል። ስቶራችን ይወድቃል። ሉፑ ይመለሳል፤ ሎዱ እንደገና ይሠራል፣ አሁን አዲሱን ዋጋ ያነባል። ተመልካቹ ጥፋቱን ለማየት ሲሞክር ማስረጃው ይጠፋል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ለ ላይ ካልጻፈ ደግሞ ሎዱ ከሀ ቀድሞ መሠራቱን ሊያውቅ አይችልም።

አሁን የራሴን ጥያቄ ልጨምር፦ ለምን በተቃራኒው አልሆነም? ዲኤምቢውን ከፊት አድርገን፣ ሎዱን አኳየር፣ ስቶሩን ተራ ብናደርገውስ? አሁንም አንድ ዲኤምቢ ነው፤ በመልኩም የመጀመሪያው መስተዋት ነው። ግን አይሠራም። በዚህኛው ቀዳዳው ከኋላ ነው፤ መ ከለ ስቶር ቀድሞ ሊነበብ ይችላል። ይህን ለማየት ሌላው ኮር ምን ያስፈልገዋል? መ ላይ መጻፍ፣ ከዚያ ለን ማንበብ ብቻ። ማንበብ ደግሞ ሞኒተሩን አይነካውም። ስቶራችን በሰላም ይሳካል፣ ሁለቱም ኮሮች አሮጌውን ያነባሉ፣ ጥፋቱ ይታያል። ሎድን ለመያዝ መጻፍ ያስፈልጋል፣ ስቶርን ለመያዝ ግን ማንበብ ይበቃል። ዲኤምቢው ከኋላ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ይህ ልዩነት አንዴ ከገባችሁ መላው ማስተካከያ ይገባችኋል።

ከዚህ ሕግ የተለየው አንዱ «አወዳድረህ ለውጥ» የሚባለው ኦፕሬሽን ነው። እሱ ዋጋው የተጠበቀው ካልሆነ ምንም ሳይጽፍ ይወጣል። ስቶር ከሌለ የሞኒተሩ ጥበቃም የለም፤ ከላይ ያለው ክርክር በሙሉ ይፈርሳል። ስለዚህ በዚያው ማስተካከያ ላይ ይህ ኦፕሬሽን በሁለቱም በኩል ሙሉ ባሪየር ተደረገለት፣ እንደ አርም ቪ7። ኋላ የሊኑክስ ሰነድ ያልተሳካ የማወዳደር ኦፕሬሽን ምንም ቅደም ተከተል አያረጋግጥም ብሎ ሕጉን ሲያላላ ይህ ሸክም ቀለለ። ሃርድዌሩን ለሕጉ ማስገዛት አንድ መንገድ ነው፤ ሕጉ ከሚያስፈልገው በላይ መጠየቁን አይቶ ማስተካከል ሌላ መንገድ ነው። እዚህ ሁለቱም ተደርገዋል።

ያው ስህተት በኮምፓይለሩ ቤት

ከርነሉ የራሱን አሴምብሊ ይጽፋል። የቀረነው ግን አቶሚክ የምናገኘው ከኮምፓይለር፣ ኮዳችንን ወደ ማሽን ትዕዛዝ ከሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ነው። በ2015 ጂሲሲ በተባለው ኮምፓይለር ላይ ያው ባግ ተገኘ።

ጂሲሲ ሁለት ዓይነት አብሮገነብ አቶሚኮች አሉት። አሮጌዎቹ የሲንክ ቤተሰብ ናቸው፤ ሰነዳቸው ሙሉ ባሪየር ናቸው ይላል። አዲሶቹ ከሲ11 (የሲ ቋንቋ መስፈርት) ጋር የመጡት የአቶሚክ ቤተሰብ ናቸው፤ የምትፈልጉትን ጥንካሬ እናንተ ትነግሩታላችሁ፣ ከፍተኛው ሴክዌንሻል ኮንሲስተንሲ (ሁሉም ኮሮች አንድ የጋራ ቅደም ተከተል የሚያዩበት) ነው። ኮምፓይለሩ ሲንክን ወደዚህ ከፍተኛው ደረጃ ይተረጉመው ነበር። ማን ይቃወማል? ከዚያ በላይ ደረጃ የለም።

ግን የሲ11 ከፍተኛ ደረጃ የሚናገረው ስለራሳቸው ስለነዚያ ጠንካራ አቶሚኮች ቅደም ተከተል ነው። በዙሪያቸው ያሉ ልል (የቅደም ተከተል ግዴታ የሌለባቸው) አቶሚኮች፣ እነ ሀ እና መ፣ በመሃል መገለባበጣቸውን አይከለክልም። ስለዚህ ሎድ-አኳየርና ስቶር-ሪሊዝ ለሲ11 ትክክል ናቸው፣ ለሲንክ ግን አይበቁም። ያው የማሽን ትዕዛዝ ለአንዱ ውል በቂ፣ ለሌላው ጎዶሎ ነው። መፍትሔው ከከርነሉ ጋር አንድ ሆነ፦ ለሲንክ ሎዱ ተራ ይሁን፣ ስቶሩ ሪሊዝ፣ ከኋላ ዲኤምቢ።

ኤክስ86 ላይ ይህ ልዩነት ጨርሶ አይታይም። ሁለቱም ወደ አንድ የሎክ ትዕዛዝ ይወርዳሉ። ለዓመታት አንድ የነበሩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አዲሱ ፕሮሰሰር ላይ ሲደርሱ ነው የተለያዩት።

ሉፑ ራሱ ሲቀር

የሉፕ አሠራር ሌላ ችግር አለው። አራት ኮር ላይ ምንም አይደለም። ሃምሳና ስልሳ ኮር አንድ ቆጣሪ ላይ ሲረባረቡ ግን አንዱ ሲጽፍ የሌሎቹ ምልክት ይጠፋል፤ ሁሉም ይመለሳሉ፣ ቆጣሪውን የያዘው የካሽ (የፈጣኑ ሜሞሪ) መስመር ከኮር ኮር ሲወረወር ይውላል። አርም በ2014 መጨረሻ ያስተዋወቀው ቪ8.1 ለዚህ አዲስ የትዕዛዝ ስብስብ አመጣ፤ ኤልኤስኢ ይባላል። መደመር፣ መለዋወጥ፣ አወዳድሮ መለወጥ እያንዳንዳቸው አንድ ትዕዛዝ ሆኑ። ሉፕ የለም። ሃርድዌሩ ከፈለገ ሥራውን ኮሩ ጋ ሳያመጣ ራቅ ብሎ ካሹ አጠገብ ሊሠራው ይችላል።

ቅደም ተከተሉስ? አኳየርንም ሪሊዝንም በአንድ ላይ የያዘ የኤልኤስኢ ትዕዛዝ አርኪቴክቸሩ ላይ ተለይቶ ተጽፎለታል፦ ከእሱ በፊት ያለው ከእሱ በኋላ ካለው ጋር አይገለባበጥም። ስለዚህ ከርነሉ እዚህ ዲኤምቢ አያስፈልገውም። ግማሽና ግማሽ በሁለት ትዕዛዝ ሲሆኑ ሙሉ አልሆኑም፤ በአንድ ትዕዛዝ ሲሆኑ ሆኑ። ይህንም ቢሆን ከትዕዛዙ ስም መገመት አይቻልም፣ መመሪያውን ማንበብ ነው። እንዲያውም አንድ ወጥመድ አለው፦ ውጤቱን አልፈልገውም ብላችሁ ወደ ዜሮ ሪጅስተር (የተጻፈበትን ሁሉ ወደሚጥለው) ከላካችሁት አኳየሩ አብሮ ይቀራል። ኮምፓይለር «ይህ ዋጋ ጥቅም የለውም» ብሎ ሲያመቻች እዚህ ጋ ሊሳሳት ይችላል።

ሊኑክስ ኤልኤስኢን የተቀበለው በ2015 መጨረሻ በወጣው 4.3 ነው። ዋናው ጭንቀት አንድ የከርነል ፋይል በአሮጌውም በአዲሱም ቺፕ ላይ መነሣት ስላለበት ነበር። አሮጌ ቺፕ አዲሱን ትዕዛዝ ካየ አላውቀውም ብሎ ይቆማል። ያኔ የተደረገው ይህ ነው፦ ኮዱ ሲጠናቀር ወደ ሉፑ የሚጠራ መስመር ይቀመጣል። ማሽኑ ሲነሣ ከርነሉ ከፕሮሰሰሩ የመለያ ሪጅስተር ላይ ኤልኤስኢ መኖሩን ያነባል። ካለ፣ ገና እየተነሣ ሳለ የራሱን ኮድ ሜሞሪ ላይ ከፍቶ መስመሮቹን በአዲሶቹ ትዕዛዞች ይተካቸዋል። ከዚያ በኋላ ምንም ጥያቄ የለም፣ ምንም ቅርንጫፍ የለም።

ተራ ፕሮግራም የራሱን ኮድ እንዲህ ሊቀይር አይችልም። ችግሩ ደግሞ ክላውድ ላይ በግልጽ መጣ። የአማዞን የመጀመሪያው የክላውድ ፕሮሰሰር፣ ግራቪቶን፣ የአርም ኮርቴክስ-ኤ72 ኮሮች ነበሩት፣ ኤልኤስኢ የለውም። ግራቪቶን2 64 ኮር ነው፣ ኤልኤስኢ አለው። ያው ፓኬጅ ሁለቱም ላይ መሮጥ አለበት። በ2020 የወጣው ጂሲሲ 10 መልስ ሰጠ፦ አቶሚኩ በቦታው አይጻፍም፣ ትንሽ ረዳት ፈንክሽን ይጠራል። ረዳቱ ኤልኤስኢ መኖሩን አይቶ ወይ አንዱን ትዕዛዝ ወይ ሉፑን ይሠራል። ይህም በነባሪ የበራ ሆነ።

የታሪኩን ቀጣይ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ረዳቶቹ ውስጥ ያለው ሉፕ ሎድ-አኳየርና ስቶር-ሪሊዝ ነበር፤ ለሲ11 ተብሎ የተጻፈ። የሲንክ ቤተሰብም እነዚያኑ ረዳቶች ይጠራ ነበር። በ2015 የተጨመረው ዲኤምቢ በዚህ በኩል ሲዞር ቀረ። ኤልኤስኢ ያለው ማሽን ላይ አይታወቅም፣ ሉፑ አይነካምና። አሮጌው ቺፕ ላይ ግን ያው የ2014 ቀዳዳ ተከፈተ። የታረመው በ2022 ነው። ለሲንክ የራሱ የሆኑ ረዳት ፈንክሽኖች ተጨመሩለት፤ ስማቸው መጨረሻ ላይ ሲንክ የሚል ምልክት አላቸው፣ ሉፓቸውም ዲኤምቢ አለው።

ከ2014 ወዲህ አንድ ነገር ተሻሽሏል። ያኔ ክርክሩ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ነበር። አርም ኋላ የሜሞሪ ሞዴሉን በሒሳባዊ መልክ አወጣ። ሊኑክስም በ2018 በ4.17 የራሱን ሞዴል ከከርነሉ ኮድ ጋር አስገባ። አሁን ሀ፣ ለ እና መን በአጭር የሙከራ ፋይል ጽፎ ኸርድ ለሚባለው መሣሪያ መስጠት ይቻላል። መሣሪያው ቺፕ አይፈልግም፤ ሕጉ የሚፈቅዳቸውን ቅደም ተከተሎች ሁሉ ዘርዝሮ መጥፎው ውጤት ሊመጣ ይችል ወይም አይችል እንደሆነ ይናገራል።

አሮጌ ሲንክ የሚጠቀም ላይብረሪ ይዛችሁ ወደ አርም64 የምትሻገሩ ከሆነ ማየት ያለባችሁ የተጠናቀረውን ፋይል ነው። ረዳት ፈንክሽን የሚጠራ ከሆነ የስሙን መጨረሻ ተመልከቱ። ሉፑ በቦታው ከተጻፈ ደግሞ ከመመለሻው ቅርንጫፍ ቀጥሎ ያለውን መስመር ተመልከቱ። ዲኤምቢ ከሌለና ሎዱ አኳየር ከሆነ፣ ይዛችሁ ያላችሁት ሲ11 የሚበቃውን እንጂ ሲንክ የሚጠይቀውን አይደለም።